እናቴን ይዤ ጎንደርን በሁለት ቀን ተኩል ለማየት

ጥያቄ (ተጓዥ ከሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ጥር አገር ቤት ስገባ የሰባ ሁለት ዓመት እናቴን ጎንደር ወስጄ ላስጎበኛት አስቤአለሁ። ተወልዳ ያደገችው ወሎ ሲሆን፣ የፋሲልን ግንብ ከቀን መቁጠሪያ ሥዕል በቀር አይታው አታውቅም። ያለን ጊዜ ሁለት ቀን ተኩል ብቻ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ረጅም መንገድ በእግሯ መሄድም ሆነ ብዙ ደረጃ መውጣት አትችልም። ጥምቀትን እዚያ ብናከብር ይሻላል ወይስ በዓሉ ካለፈ በኋላ ብንሄድ? ከተረፈን ጊዜስ ሰሜን ተራሮችን አይተን መመለስ እንችላለን?

መልስ 1 (የቀሃ ልጅ)

ጥምቀትን በጎንደር ያላየ ጎንደርን አየሁ ባይል ይሻላል የምንል ሰዎች ነን፤ ሆኖም ለእናትዎ ጉልበት ካሰቡ ከበዓሉ አንድ ሳምንት በኋላ ይምጡ። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት አባቴን ይዤ ጥር 11 ሌሊት ወደ ፋሲል መዋኛ ወርጄ ነበር። ጸሎቱ አልቆ ውኃው ሲባረክ ወጣቶቹ ከግንቡ ላይ እየዘለሉ ሲገቡ፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ወደፊት ስለገፋን አባቴ በሁለት ሰው ተደግፎ ነው የወጣው። አልጋም በበዓሉ ሰሞን ውድ ነው፤ ቀድሞ ያልያዘ ሰውም አያገኝም። ከበዓሉ ውጭ ገንዳው ውኃ ባይኖረውም፣ አጥሩን እንደ ጣት ጨብጠው የያዙትን የዛፍ ሥሮች ቁጭ ብሎ በጸጥታ ማየት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።

መልስ 2 (የቀድሞ አስጎብኚ)

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ሙሉውን ለፋሲል ግቢ ይስጡት። ዐፄ ፋሲለደስ መናገሻቸውን በ1628 ዓ.ም. ገደማ እዚህ ካደረጉ በኋላ የነገሡት ልጃቸው፣ የልጅ ልጃቸውና ሌሎችም በዚያው ቅጥር ውስጥ የየራሳቸውን ስላሠሩ፣ ግቢው ሰባት ሄክታር ገደማ የሚሸፍን የግንቦች መንደር ነው። አብዛኛው ሰው የፋሲልን ግንብ ብቻ አይቶ ይወጣል፤ እናትዎ ግን የእሱን ደረጃ መውጣት ባይችሉ ብዙ አይጎድልባቸውም፤ ምክንያቱም ዕንቁላል የመሰሉት የማዕዘን ጉልላቶች የሚያምሩት ከታች ሲታዩ ነው። ይልቁንስ ጣሪያው የፈረሰውን የአድያም ሰገድ ኢያሱን ግንብ በዝግታ ይመልከቱ፤ እንግሊዞች ጣሊያንን ከከተማዋ ሲያስለቅቁ በአውሮፕላን ቦምብ የደረሰበት ጉዳት ዛሬም ይታያል። የግቢው መሬት ድንጋያማ ስለሆነ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉላቸው። ሲደክማቸው ከግቢው ወጥተው ጃን ተከል ዋርካ ሥር አረፍ ማለት ይችላሉ።

ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ዋጋውን ግን ሳይሳፈሩ ይነጋገሩ። ረቡዕና ዓርብ ቅዳሴ የሚገባው ወደ ቀትር በመሆኑ ለጉብኝት የሚከፈትበትን ሰዓት አስቀድመው ይጠይቁ። ከሱዳን የመጡት ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህ የተረፈው ንብ ወጥቶባቸው ነው ይባላል። እናትዎን ከውስጥ አግዳሚ ላይ ካስቀመጧቸው በኋላ ቀና ብለው ጣሪያውን ይዩ በሏቸው፤ በተርታ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ዓይናቸው ሁሉ ወደ ታች ነው። ብዙ እናቶች እዚያ ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ሁለተኛውን ቀን ጠዋት በመኪና ወደ ቁስቋም ውጡ። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ፈቀቅ ብለው ያሠሩት የማርያም ደብር ነው፤ ጎብኚ ስለማይበዛበት እኔ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ። ከዚያ ወርዳችሁ የፋሲልን መዋኛ ብታዩ ቀኑ ይበቃችኋል። የተራሮቹ መግቢያ የሆነው ደባርቅ ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ሰሜን ተራሮችን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

መልስ 3 (አዘዞ)

አንድ ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይምጡ፤ የየብስ መንገዱ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ ከአረጋዊት እናት ጋር የሚሞከር አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያው እኛ ዘንድ አዘዞ ነው። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊትም ከተማው ውስጥ የሚያውቁትን ሰው ደውለው የሰሞኑን ሁኔታ ይጠይቁ። የጥር ሌሊት ይበርዳልና ጋቢ አይርሱ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን አማክሬአት ጥር 20 ገደማ ለመሄድ ተስማምተናል። ስለ ቁስቋም ሳነብላት ግን «ማርያም ካለች መጀመሪያ እሷን ልሳለም» ስላለች፣ የመጀመሪያውን ቀን ከዚያ እንጀምራለን፤ ግንቡ ለሁለተኛው ቀን ይቆያል።