ለጥምቀት የሚደርስ 20 ሊትር ጠጅ፦ ልኩ፣ ማሩ፣ የሚበላሽበት ምክንያት (ጥያቄና መልስ)

ማራኪ ሠፈር፣ ጎንደር · ታህሳስ 3

ሰላም ቤተሰብ። ለጥምቀት ቤት ውስጥ ጠጅ መጣል አስቤአለሁ። በእጄ ያለው ባለ 25 ሊትር አዲስ ጀሪካን፣ ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ 6 ኪሎ ማር ከነሰፈፉ፣ አንድ እስር የጌሾ እንጨትና ጥቂት የጌሾ ቅጠል ነው። ባለፈው «አንድ ለሦስት» ተብዬ በጣሳ ለክቼ በሰፊ ባልዲ ጣልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ገና ስኳር ስኳር ይል ነበር፣ በአምስተኛው ኮመጠጠ፣ ምሬቱም ጉሮሮ ይይዝ ነበር። ልኩ ምንድን ነው? ጌሾውስ መቼ ይገባል፣ መቼ ይወጣል? ካልተሳካልኝ ደግሞ ገዝቼ ስለምተካ ከጠጅ ቤት ጥሩውን በምን እለያለሁ?

እትዬ ጓዳ

ልጄ፣ የኮመጠጠው በዕቃው ምክንያት ነው። ጠጅ ሁለት ዕቃ ይፈልጋል፤ ለጥንስሱ አፉ ሰፊ፣ ጌሾው ከወጣ በኋላ ግን አፉ ጠባብ። አምስት ሳምንት ሙሉ በባልዲ ተቀምጦ፣ ክዳኑ በየቀኑ እየተነሳ ከተቀመሰ ኮምጣጤ ባይሆን ነበር የሚገርመው። ጀሪካኑን ለኋላ አቆየውና ባለ 30 ሊትር ክዳን ያለው ባልዲ ፈልግ። ጋን ካለህ ይበልጣል። አዲስ ጋን ከሆነ ግን፣ ከወለቃም ይምጣ ከሌላ፣ ሳይሟሽ እንዳትጥልበት፤ ያዣል፣ የአፈር ሽታም ይሰጣል።

ዕቃውን በግራዋ ቅጠል እያሸህ እጠበውና ሦስት ጊዜ አለቅልቀው። ግራዋው በደንብ ካልለቀቀ ምሬቱ ጠጁ ላይ ይወጣል፤ ሰዉ ግን «ጌሾ በዛ» ይላል። ሸክላ ከሆነ የወይራ ስንጥር ፍም ላይ አድርገህ ዕቃውን ድፋበት፤ ዐሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ፕላስቲክ በፍም አይታጠንም።

ውሃውን ከዋዜማው ቅዳ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ክፍቱን ያድር፤ ካልሆነም አፍልተህ አቀዝቅዘው። ማሩን እጅ በማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ በጥብጥ። ታች የተኛ ማር እንዳይቀር እስከ ባልዲው ወለል ድረስ አማስል፤ ላይ ላዩን ብቻ ከተበጠበጠ ከላይ ውሃ፣ ከታች ማር ሆኖ ይሰነብታል። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ሸፍነህ ሦስት ቀን ተወው። ደቃቅ አረፋ ሲያወጣና ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ሰፈፉን ግፈፈው። ያን ጊዜ ነው ጌሾ የሚገባው።

ለ16 ሊትር ውሃ 300 ግራም የጌሾ እንጨት በቂ ነው። ጣት በሚያህል ቁረጠው፣ ሰንጥቀው፣ አቧራው እስኪለቅ እጠበው። ከብርዙ (ከማሩ ብጥብጥ) 3 ሊትር ቀንሰህ ግማሹን እንጨት በሱ 15 ደቂቃ ቀቅለው፤ ግማሹን እንዲሁ ጥሬውን ጨምር። የተቀቀለው እንጨትም ውሃውም ለብ እስኪል ሳይቀዘቅዝ እንዳይገባ! ሙቁን ከገለበጥክበት የነቃውን እርሾ ትገድለዋለህ።

መለኪያ

የልኩን ነገር በቁጥር ላስቀምጠው፤ «አንድ ለሦስት» የሚባለው ብዙ ጠጅ አበላሽቷል። በጣሳ ነው ወይስ በኪሎ? 1 ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ከክብደቱ 80 በመቶ የሚሆነው ስኳር ነው። አንድ ጣሳ ማር ለሦስት ጣሳ ውሃ ሲባል በሊትር 280 ግራም ስኳር ይሆናል። በሊትር 17 ግራም ስኳር 1 በመቶ አልኮል ስለሚሰጥ ይህ ሁሉ ቢፈላ 16 በመቶ በደረሰ ነበር። ከአየርና ከጌሾ የመጣ እርሾ ያን ያህል አይሸከምም። ስኳሩ ራሱ ያፍነዋል፣ መንገድ ላይ ይቆማል። በሦስተኛው ሳምንት ጣፋጭ ሆኖ ያገኘኸው ለዚህ ነው።

በኪሎ እንሂድ። ሁሉም ለ16 ሊትር ውሃ ነው።

4 ኪሎ ወለላ፦ ደረቅ ጠጅ። ስኳሩ ካለቀ 10 በመቶ አካባቢ ይደርሳል።
5 ኪሎ፦ መካከለኛ። ጥቂት ጣፋጭነት ይቀረዋል። እኔ የምመክርህ ይህን ነው።
6 ኪሎ፦ ለስላሳ። በደንብ ቢፈላም ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል፣ ጊዜም ይወስዳል፤ ለጥር 11 አይደርስልህም።

የአንተ 6 ኪሎ ከነሰፈፉ ነው፤ ወለላው ስንት እንደሆነ አይታወቅም። ማሩን በእጅህ ጭመቅና አጥልል፣ ሰፈፉን ከ16 ሊትሩ በተቀነሰ 2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ እጠብ (እጣቢው ብርዝ ስለሆነ አይደፋም)፣ ከዚያ ሰፈፉን አጠንፍፈህ መዝን። ከ6 ኪሎው ስትቀንሰው ወለላህ ይወጣል። ከ5 ኪሎ ከበለጠ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ 3 ሊትር ከሩብ ያህል ውሃ ጨምር፣ ወይም ትርፉን ለቁርስ አስቀር።

ንብ አናቢ፣ ጭልጋ

ስለ ማሩ አንድ ሁለት ነገር። በእኛ አካባቢ ዋናው ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር ስለሆነ በታህሳስ ገበያ የሚገኘው ማር ትኩስ ነው። ከአደይ አበባ፣ ከኑግና ከመጭ የመጣው ቶሎ ይረጋል። የረጋ ማር «ስኳር ገብቶበታል» ማለት አይደለም፤ ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጠህ ታሟሟዋለህ፣ እሳት ላይ አይጣድም። ሽታው ይጠፋል፣ ጠጁም የተቃጠለ ስኳር ይሸታል።

ክብሪት በማር ነክሮ መለኮስ፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ ማየት የሚባሉት ፈተናዎች ቢበዛ የሚነግሩህ ማሩ ቀጭን ወይም ወፍራም መሆኑን ነው። ወፍራም የስኳር ሽሮፕም ያልፋቸዋል። ከዚያ የሚሻለው ሚዛን ነው፤ አንድ ሊትር የተጠለለ ማር ከ1.38 ኪሎ በታች ከመዘነ ውሃ በዝቶበታል። ስኳር የተቀላቀለበትን ግን ሚዛንም አይለየውም፤ እሱን በምላስና በአፍንጫ መገመት ይቻላል። ማር ከዋጥከው በኋላ ጉሮሮን ከረከር ያደርጋል፣ የአበባው ሽታም አፍ ውስጥ ይቆያል። ስኳር ጣፍጦ ወዲያው ያልቃል።

ከነሰፈፉ መግዛትህ ለጠጅ ጥሩ ነው። ሰፈፉ ላይ ያለው የአበባ ዱቄት ለእርሾው ምግብ ይሆነዋል። እጭ ያለበትን ቂጣ ግን ለይተህ አውጣ፤ ይሸታል።

አዘዞ በር

እትዬ፣ በጌሾው አልስማማም። ቅጠሉም ይገባል፤ ቀለሙንና ሽታውን የሚሰጠው እሱ ነው።

እትዬ ጓዳ

ቅጠል ለጠላ ነው፣ የኔ ጌታ። ለጠጅ ከገባም ለዚህ ልክ ከ50 ግራም አይበልጥ፣ በሻሽ ተቋጥሮ ይግባና በሦስተኛው ቀን ይውጣ። ደቆ ከተበተነ አይጠልልም፣ ምሬቱም ጉሮሮ የሚይዝ የሚሉት ዓይነት ይሆናል። ባለፈው ልጁን ያስቸገረው ይኸው ይመስለኛል። እንጨቱ ግን ምሬቱን ቀስ እያለ ስለሚለቅ ለማረም ጊዜ ይሰጥሃል፤ ከስድስተኛው ቀን ጀምረህ በየቀኑ ቅመስና ምሬቱ ከምትፈልገው ትንሽ አነስ ሲል አውጣው። ሲጠልል የጣፋጩ መሸፈኛ ስለሚቀንስ ምሬቱ ጎልቶ ይወጣል።

ጌሾው እስካለ ድረስ በቀን አንድ ጊዜ በንጹሕ ማማሰያ ወደ ታች ድፈቀው። ተንሳፍፎ የደረቀ እንጨት ሻጋታ ይይዛል።

መለኪያ

እንጨቱ ሲወጣ ጠጁን በቀጭን ቱቦ ወደ ጀሪካኑ አስተላልፍ፤ ከላይ ወደ ታች አትገልብጠው፣ አየር ይገባበታል። የጀሪካኑን ክዳን ብሳና ያልተነካ የጉሉኮስ ቱቦ አስገባ፣ ዙሪያውን በራስህ ሰፈፍ ሰም ድፈነው። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ግማሽ ውሃ ያለው የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ንከረው። ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይመለስም። ኮምጣጤ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ያለ ኦክስጅን አልኮሉን ወደ አሲድ መለወጥ አይችሉም፤ ጠጅን ከመኮምጠጥ የሚጠብቀው ይህች ቱቦ ናት። ክዳኑን ሳትበሳ አጥብቀህ ከዘጋኸው ግን ጀሪካኑ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ቀኑን ቁጠር፦ ታህሳስ 6 ብትጥል፣ ጌሾው ታህሳስ 10 ይገባል፣ ታህሳስ 19 አካባቢ ይወጣል፣ ጥር 3 ታጠልላለህ። አምቡላው (ታች የሚዘቅጠው አተላ) ሲቀነስ ከ20 ሊትሩ 16 ወይም 17 ጥሩ ጠጅ ይወጣዋል።

አራዳ

የመግዛቱን ጥያቄ ማንም አልመለሰልህም። የትኛው ቤት እንደሚሻል ቢነገርህም በሁለት ሳምንት ይለወጣል፤ ምልክቱን ልስጥህ። መጀመሪያ አንድ ብርሌ ብቻ እዘዝ። አንገቷ ላይ ስታሸተው የማር ሽታ ከአልኮሉ ቀድሞ መምጣት አለበት። ቀለሙ ቢጫ፣ ደፍረስ ያለ ይሆናል። ብርቱካንማ ሆኖ ጣትህን ወይም ነጭ ሶፍት ካቀለመ ቀለም ገብቶበታል። ምላስ ላይ ውሃ ውሃ የሚል፣ ጣፋጩ ከፊት መጥቶ ከኋላ ባዶ የሚሆን ጠጅ በስኳር የተጣለ ነው። ያልበሰለው ደግሞ አፍ ውስጥ እየተንጫጫ እርሾ እርሾ ይላል፣ ሆድም ይነፋል።

«ደረቅ አለ? ለስላሳስ?» ብለህ ጠይቅ። ለሁለቱም ከአንድ ጀሪካን የሚቀዳ ቤት ከሆነ ለስላሳው ደረቁ ላይ ስኳር ተጨምሮበት ነው። ለበዓል የምትወስድ ከሆነ አስቀድመህ እዘዝ፤ በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ በዋዜማው የሚቀዳው ብዙውን ጊዜ ቀኑ ያልደረሰ ነው።

ማራኪ ሠፈር · ታህሳስ 10

በተባለው ልክ ጣልኩ፤ ወለላው 5 ኪሎ ከ200 ሆነ፣ ውሃው 16 ሊትር ተኩል። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው፣ አረፋ የሚባል የለም። ጌሾውን ልጨምር?

እትዬ ጓዳ

ቆይ፣ አትጨምር። ባልዲው የት ነው ያለው? ሲሚንቶ ላይ ከሆነ ተኝቷል ማለት ነው። የታህሳስ ሌሊት እዚህ ብርድ ነው። ጣውላ ላይ አንሳውና ብርድ ልብስ አልብሰው፣ ቀን ፀሐይ በሚያሞቀው ክፍል አውለው። ጆሮህን አስጠግተህ አድምጥ፤ አረፋው ሳይታይ በፊት ሹክሹክታው ይሰማል። እስከ ነገ ማታ ዝም ካለ ከጎረቤት ጥሩ ጠጅ ግማሽ ሊትር አምቡላ ለምነህ ጨምርበት።

መለኪያ

አምቡላ ከጠፋ አንድ ሊትር ብርዝ ቀድተህ ለብ አድርግ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ በትንበት፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሲያኮርፍ መልሰው። ይሠራል፤ ብቻ ትንሽ ዳቦ ዳቦ ይሸታል፣ ለመጥለልም ይዘገያል። ስለዚህ የመጨረሻ አማራጭህ ይሁን።

ማራኪ ሠፈር · ታህሳስ 22

በማግስቱ በራሱ ተነሳ፣ እርሾ አላስፈለገም። ጌሾውን በስምንተኛው ቀን አውጥቼ ታህሳስ 20 ወደ ጀሪካን አዛወርኩ፣ ቱቦውም ተገጥሟል። ዛሬ ግን በጀሪካኑ ውስጥ ከላይ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ነጭ ስስ ሽፋን አየሁ። ተበላሸ?

መለኪያ

ሽታው ኮምጣጤ ካልሆነ አልተበላሸም። አየር የሚወድ እርሾ ነው፤ ስታዛውረው የገባው አየር ጋበዘው። ጀሪካኑ ውስጥ ወደ 6 ሊትር ባዶ ቦታ አለህ። ግማሽ ኪሎ ማር በአንድ ሊትር ተኩል ውሃ በጥብጠህ ቀስ ብለህ ጨምር፤ መፍላቱ ይታደስና ጋዙ አየሩን ገፍቶ ያወጣዋል። የሰሙ ድፍን አለመሰንጠቁንም እይ። ሽፋኑ ጸጉር ካወጣ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ ግን ድፋው።

እትዬ ጓዳ

ማር ከጨመርክ ማጥለያውን ወደ ጥር 8 ግፋው። ከሁለት ቀን በፊት ጀሪካኑን ጠረጴዛ ላይ አውጣ፣ ከዚያ ወዲያ አታነቃንቀው። በቱቦ ከላይ ቅዳና በነጠላ አጥልለው፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሊትሮች ለብቻ አድርጋቸው፣ አምቡላ የነካቸው ናቸውና። ጠርሙስ ስትሞላ እስከ አንገቱ ይሁን፣ ክዳኑን ግን በዓሉ እስኪያልፍ ላላ አድርገው፤ ገና ይተነፍሳል። ለልጆቹ ከተረፈህ ማር የዚያኑ ዕለት ብርዝ በጥብጥላቸው፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማርም ብርዝም አይሰጥም።