በአንድ ቁልፍ ብቻ መብራት፣ መጋረጃና በር ማዘዝ ይቻላል?

ታላቅ ወንድሜ ጡንቻን ቀስ በቀስ በሚያዳክም ሕመም ምክንያት እጁንና እግሩን ማንቀሳቀስ ስለማይችል፣ የክፍሉን መብራት፣ መጋረጃውንና የውጭ በሩን በድምፁ እንዲያዝ አድርጌለት ነበር። ቀን ላይ በደንብ ይሠራል፤ ማታ ግን ድምፁ ስለሚደክም መሣሪያው ንግግሩን አይለየውም፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ጭራሹን ይደነቁራል። መብራት ለማጥፋት እንደገና ሰው መጥራት መጀመሩ ከሕመሙ ባልተናነሰ ያሳዝነዋል።

አሁን በጉንጩ በቀላሉ የሚጫነው፣ 3.5 ሚሊሜትር መሰኪያ ያለው ለአካል ጉዳተኞች የተሠራ ማብሪያ ማጥፊያ አግኝተናል። ሐሳቤ በባትሪ የሚሠራ የዚግቢ (የቤት ዕቃዎች ያለ ሽቦ በሬዲዮ የሚገናኙበት ዘዴ) ቁልፍ ከፍቼ፣ በውስጡ ያሉትን ሁለት የመገናኛ ነጥቦች ከመሰኪያው ማስገቢያ ጋር በመበየድ፣ ትእዛዙ ያለ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ሆም አሲስታንት በተባለ የቤት ዕቃዎችን የሚያዝ ፕሮግራም በኩል እንዲያልፍ ማድረግ ነው። እስከዚህ ድረስ እወጣዋለሁ ብዬ አስባለሁ።

የተቸገርኩት ወንድሜ ሁለት ጊዜ አከታትሎ መጫን ስለማይችልና አጭርና ረጅም መጫንን ብቻ ስለሚለይ፣ በሁለት ምልክት ሦስት ዕቃዎችን ማዘዙ ላይ ነው። ምርጫዎቹን በየተራ በድምፅ እየጠራ፣ የተፈለገው ሲደርስ እንዲጫን የሚጠብቅ አሠራር ያዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ በምርጫዎቹ መካከል ስንት ሰከንድ እንደተዋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። በሩን በዚሁ ቁልፍ ላይ ማድረጉም ያሰጋኛል፤ ተኝቶ ሳለ ጉንጩ ነክቶት ቢከፈትስ? ለበሩ ብቻ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጠየቅ ይበቃል ወይስ ከነጭራሹ ልለየው?