የቦይ ውሃ ተራ እንዴት ይሰላ? ከታች ያሉት ማሳዎች እየደረቁ ነው

ጀማሪ መስኖ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የአፈር ቦይ 36 ሄክታር ያጠጣል። ውሃው 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። ተራው በሳምንት አንዴ ይዞራል፤ ሰዓቱ ግን በግምት ነው። የላይኞቹ ይጠግባሉ፣ የታችኞቹ ቡቃያ ይጠወልጋል። ምን ይሻላል?

ሊትር በሰከንድ፦
መጀመሪያ ለኩት። ቀጥ ያለ 10 ሜትር ላይ ተንሳፋፊ እንጨት ጥላችሁ ሰዓት ያዙ። 20 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር ነው፤ የላዩ ውሃ ከሥሩ ስለሚፈጥን በ0.8 አባዙት። ያን በውሃው ስፋትና ጥልቀት ስታባዙት በሰከንድ 40 ሊትር፣ በሰዓት 144 ሜትር ኩብ ይመጣል። ሄክታሩን 5 ሳንቲ ሜትር ለማጠጣት 500 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ 30 በመቶው መንገድ ላይ ቢሰርግ 5 ሰዓት ግድም ይወስዳል። ለ36 ሄክታር 180 ሰዓት! ሳምንት ያለው 168 ነው። የጎደለው 12 ሰዓት መጨረሻ ተረኛ ላይ ያርፋል። ዙሩን ሰባት ቀን ተኩል አድርጉት፤ ሌሊት ያጠጣም በቀጣዩ ዙር ቀን ይደርሰዋል።

ደለል ጠራጊ፦
ስሌቱ ልክ ነው፤ 30 በመቶውን ግን ለሁሉም እኩል አትያዙ። ጫፍ ላይ ያለው የሚደርሰው ከሁሉም ያነሰ ነው። ከጠለፋው (ውሃው ወደ ቦዩ ከሚገባበት) አጠገብና ከጫፉ ለየብቻ ለክታችሁ ለታችኛው ሰዓት ጨምሩ። ባዶው ቦይ እስኪሞላ የሚባክነውም ከተረኛው አይታሰብ፤ የህንድና የፓኪስታን ዋራባንዲ (የውሃ ተራ ሥርዓት) ይህን ለይቶ ይቆጥራል። ደለል ሳይጠረግ የተለካ ግን ከንቱ ነው። የጠረጋው ድርሻ እንደ ውሃው ድርሻ ይሁን፤ ካልሆነ የላይኛው ደጁን ጠርጎ ይሄዳል።

ደንብ አዋቂ፦
ቁም ነገሩ ማን ይጠብቅ የሚለው ነው። በሰሜን ፊሊፒንስ ዛንሄራዎች (የገበሬዎች የመስኖ ማኅበራት) ኃላፊዎቹ ለድካማቸው የሚሰጣቸው መሬት ቦዩ ጫፍ ላይ ነው፤ ውሃ ካልወረደ የእነሱም ሰብል ይደርቃል። እናንተም የውሃ አባቱን ከታችኞቹ ምረጡ። ቅጣቱ በትንሹ ይጀምር፦ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ የሰረቀውን ሰዓት ከተራው መቀነስ፣ ከዚያ ገንዘብ። ከመነሻው ከባድ ከሆነ ጎረቤት ጎረቤቱን አያጋልጥም። ክርክሩ በአደባባይና በቃል ይታይ፤ በስፔን የቫሌንሲያ የውሃ ሸንጎ ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን የሚዳኘው እንዲሁ ነው።

ጀማሪ መስኖ፦
መዝጊያዎቹን ብንቆልፋቸውስ?

ደንብ አዋቂ፦
የአፈር ቦይ ጎኑ በአካፋ ይበሳል፤ ቁልፍ አያድነውም። ተረኛው ራሱ፣ ሰዓቱ ሲጀምር፣ ከማሳው እስከ ጠለፋው በእግሩ ይውጣ።