ነብር የገደለ ሰው ኅሊናውን በምን ያሳምናል?

የጮቄ ጉም
ሰላም ለሁላችሁ። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ላሉ ቀበሌዎች ስለ ዱር እንስሳት ግድያ ትምህርት እየተዘጋጀ ነው። እስካሁን ያለው ጽሑፍ አዋጅ ከማንበብ አያልፍም፦ አዋጅ 541/1999 ሲወጣ ያስቀመጠው ቅጣት ከ5 ሺህ እስከ 30 ሺህ ብር ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፤ ከዚያ «ጥያቄ ያለው?»። ጥያቄ የለም። ነብሩ ግን ይገደላል፣ ጃርቱም በወጥመድ ይያዛል። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ጿሚ፣ አስቀዳሽ ናቸው። ድህነት ነው? ባህል ነው? ከየት ይጀመር?

እነማይ
በድህነት አትጀምር። ጎጃም ውስጥ ከርከሮ፣ ጥንቸልና ሽኮኮ እርም ናቸው፤ ቢበላ የሚበላው ሚዳቋና ድኩላ ነው። ከርከሮ ተገድሎ ሙሉውን ገደል ከተጣለ ነገሩ የሆድ ሳይሆን የማሳ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሬሳው ምን ሆነ የሚለው ነው። ሥጋው ተበልቷል? ቆዳው ተገፏል? ወይስ አንድ አካሉ ብቻ ተቆርጦ ለመድኃኒት ተወስዷል? እነዚህን ሁሉ «ሕገ ወጥ አደን» ብሎ አንድ ላይ መጠቅለል ነው ትምህርቱን የሚያከሽፈው።

ቀጥሎ ሰውየው የሚሰጠውን ምክንያት ቃል በቃል ጻፍ። ሳይክስና ማትዛ የተባሉ አሜሪካውያን የወንጀል ተመራማሪዎች በ1957 እ.ኤ.አ. ሕግ የሚጥስ ሰው ኅሊናውን የሚያባብልባቸውን አምስት መንገዶች ለይተው ነበር። በእኛ ሰው አንደበት እንዲህ ይመስላሉ፦ «ምን ላድርግ፣ ደጄ ድረስ መጣ»፤ «አንድ ጃርት ቢሞት ዱሩ አይራቆትም»፤ «እሱ ነው የጀመረው፣ ፍየሌን በላ»፤ «ደኑን የጨፈጨፉት ሳይጠየቁ እኔን በጦጣ ይከሱኛል»፤ «የልጆቼን ጉሮሮ ማን ይዘጋልኛል»። ሁለተኛውን ለሚል ሰው መልሱ እዚያው ተራራው ላይ ነው፦ ጮቄ ቀይ ቀበሮ ነበረው፣ ዛሬ የለውም። እርሻው ሽቅብ እየወጣ መኖሪያውን ስላጣበበው እንጂ ሁሉም በጥይት አላለቀም፤ ይህንንም ሳትደብቅ ንገር። አራተኛውን የሚለውን ሰው ግን በቅጣት ማስፈራራት ይብሱን ማስኮረፍ ነው።

ዓባይ ማዶ
«እሱ ነው የጀመረው» የምትለዋ ላይ ልጨምር፣ ዋናዋ እሷ ነች።

ነብር ጠባብ በረት ውስጥ ሲገባ ፍየሎቹ መሸሻ አጥተው ይተራመሳሉ። የሚንቀሳቀስ ነገር እስካለ ድረስ መያዙን አይተውም፤ ብዙ ጥሎ ከአንዱ ብቻ በልቶ ይሄዳል። ባለቤቱ ሲነጋ የሬሳውን ክምር ያይና «ተርቦ ቢሆን አንድ ይበቃው ነበር፤ ይሄ ቂም ነው» ይላል። ቂም ከተባለ ደግሞ ደም መመለስ ይከተላል። ያን ያህል የሞተው በረቱ ስለዘጋባቸው መሆኑን ማሳየት ካልተቻለ የቀረው ስብከት ጆሮ አይገባም።

በረቱ ጣሪያ ይኑረው፤ በላዩ እሾህ የተጫነበት ርብራብ ይበቃል። ክፍት ከሆነ የ2 ሜትር አጥር እንኳ ነብር አያቆምም፣ አጠገቡ ዛፍ ካለማ ከቅርንጫፉ ይወርዳል። አብዛኛው ሰው ዙሪያውን በደንብ ያጥርና በሩ ላይ አንድ የግራር ቅርንጫፍ ጣል አድርጎ ይተኛል። በሩ የሳንቃ ሆኖ ከውጭ ይቀርቀር፣ ከሥሩም ክፍተት አይኑረው።

ስለ ክብሩም፦ ድሮ አንበሳ የገደለ ጎፈር ይደፋ ነበር፤ ዛሬ ጎፈሩ ባይኖርም «ዘራፍ» ሲባል አውሬ ገዳይ አሁንም ይወደሳል። መንደሩ ያጨበጨበለትን ሰው ፍርድ ቤት ብታቆመው ስሙን ነው የምታገንለት። ፉከራውን ግን አትንቀፉ፣ ሰዉ ባህሉን ለመከላከል ሲል ነብሩን ይረሳዋል።

የጮቄ ጉም
እግዜር ይስጥልን። ካህናቱ ግዝት ቢያወጡስ? የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ያለን ጉሬዛ ማንም አይነካም። ደግሞስ ማን እንደገደለ ጠይቆ እውነቱን ማግኘት ይቻላል?

ደብረ ዘይት
ጉሬዛው የሚከበረው ቅጥሩ የታቦት ስለሆነ ነው። በረቱ ሳይጠገን ለነብር ግዝት ቢወጣ ሰዉ ይገድላል፣ ለንስሐ አባቱም አይናገርም፤ ግዝቱም ዋጋ ያጣል። መጀመሪያ በረቱ፣ ከዚያ ግዝቱ።

ካህናቱን ለሌላ ነገር ተጠቀሙባቸው። መቀሌ አካባቢ ተጠንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራ፣ በጅብ ዓይነ ምድር ውስጥ የአህያ ፀጉር የተገኘበት መጠን ከዐቢይ ጾም በፊት 14.8 በመቶ፣ በጾሙ ጊዜ 33.1 በመቶ ነበር። እርድ ሲቆም አጥንትና ቆዳ መጣሉም ይቆማልና። በ55ቱ ቀን አህያ ውጭ እንዳያድር ከቅበላ በፊት ባለው እሑድ ቢነገር፣ አህያው ተበልቶበት ለጅቡ መርዝ የሚያስቀምጠው ሰው ይቀንሳል። መርዙ ደግሞ ጅቡን ብቻ አይገድልም፣ ሬሳው ላይ የሚወርደውን ጥንብ አንሳም ይጨርሳል።

ጥያቄውን በተመለከተ፣ ፊት ለፊት ከጠየቅህ ውሸት ነው የምትሰበስበው። ስድስት ቆርኪ ውሰድ፦ አንዱን ውስጡን ቀይ፣ አንዱን ጥቁር ቀባ፣ አራቱን እንዳሉ ተው። ሰውየው «አውሬ ገድለሃል?» ሲባል ከከረጢት አንድ አውጥቶ ላንተ ሳያሳይ ይመልሳል። ቀይ ከደረሰው «አዎ»፣ ጥቁር ከደረሰው «የለም» ይበል፤ ያልተቀባ ከደረሰው እውነቱን። ከ120 ሰው 36ቱ «አዎ» ቢሉ፣ 20 ያህሉ የቀይ ቆርኪ ነው፤ የቀረው 16 ያልተቀባ ለደረሳቸው 80 ያህል ሰዎች ሲካፈል 20 በመቶ ይሆናል። የሚበላሸው፣ ያልገደለ ሰው ቀይ ሲደርሰው «አዎ ማለት ስሜን ያጠፋል» ብሎ «የለም» ሲል ነው፤ ያኔ ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል። መጀመሪያ «ዘንድሮ ንብ አለህ?» በመሰለ ቀላል ጥያቄ ሁለት ሦስቴ አለማምደው። ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ ከረጢት አታስገባ፣ በጣቱ ይለየዋል።