ኢንተርኔት የሌለው ኡቡንቱ 24.04 ሰርቨር ላይ ፖስትግሬስ እንዴት ይጫናል?

ጀማሪ_አድሚን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኡቡንቱ 24.04 የተጫነበት ሰርቨር አለን፤ ከውስጥ ኔትወርክ ውጪ አይወጣም፣ እንዲወጣም አይፈቀድም። ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ) እና ኤንጂንኤክስ (ዌብ ሰርቨሩ) ያስፈልጉናል። ኢንተርኔት ያለው ላፕቶፕ ኡቡንቱ 22.04 ዴስክቶፕ ነው። እዚያ ላይ «አፕት-ጌት ኢንስቶል --ዳውንሎድ-ኦንሊ» ብዬ ዴብ ፋይሎቹን (የኡቡንቱ መጫኛ ፓኬጆች) አወረድኩ፣ በፍላሽ ገለበጥኩ፣ ሰርቨሩ ላይ «ሱዶ ዲፒኬጂ -አይ *.ዴብ» አልኩ። ፖስትግሬስ 14 ግን ሊብአይሲዩ70 እና ሊብኤልዳፕ-2.5-0 የሚባሉት ላይብረሪዎች የሉም ብሎ ሳይዋቀር ቀረ። ላፕቶፑ ላይ ሁለቱም አሉ። ታዲያ ለምን አብረው አልወረዱም? ሁለቱን ብቻ ፈልጌ ባመጣ ይፈታል?

ጥቁር_ተርሚናል፦

አይፈታም። ሁለት ችግር ተደራርቦብሃል።

አፕት (የኡቡንቱ ፓኬጅ አውራጅና ጫኝ) የሚያወርደው ኮማንዱ የተሰጠበት ማሽን የጎደለውን ብቻ ነው። ሊብአይሲዩ70 ላፕቶፕህ ላይ ከዴስክቶፑ ጋር አብሮ ስለተጫነ «ይሄ አለ» ብሎ ዘለለው። ሰርቨሩ ላይ ምን እንዳለ አፕት በምን ያውቃል?

ከዚያ ደግሞ የ22.04 ፓኬጅ ለ24.04 የተሠራ አይደለም። 22.04 ፖስትግሬስ 14ን ከሊብአይሲዩ70 ጋር፣ 24.04 ደግሞ ፖስትግሬስ 16ን ከሊብአይሲዩ74 ጋር ይዘው ነው የወጡት። 24.04 ላይ ለ2038ቱ የሰዓት ችግር ሲባል የብዙ ላይብረሪዎች ስም መጨረሻ ላይ «ቲ64» ተጨምሯል፤ ሊብኤስኤስኤል3 የነበረው ሊብኤስኤስኤል3ቲ64 ሆኗል። የ22.04ን ላይብረሪ እየፈለጉ ማስገባት ከተጀመረ መቆሚያ የለውም፤ አንድ ቀን ኤስኤስኤች የሚሠራበትን ትነካና ሰርቨሩን በርቀት መግባት ያቅትሃል።

መጀመሪያ ያበላሸኸውን አጽዳ። «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኦዲት» በል፣ ተጀምረው የቀሩትን ይዘረዝርልሃል። /ቫር/ሎግ/ዲፒኬጂ.ሎግ ውስጥ ደግሞ በዚያ ሰዓት የገባው ሁሉ አለ፤ ያልተሳካው ብቻ ሳይሆን በሰላም የገባውም የ22.04 ፓኬጅ ይውጣ፣ በስሙ እየጠራህ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ፐርጅ» አድርገው። ሎጉ ውስጥ «አፕግሬድ» ብሎ አዲስ ቨርዥን ወደ አሮጌ የቀየረበት መስመር ካለ ግን አታጥፋው፤ እሱ የሰርቨሩ የራሱ ፓኬጅ ነበር፣ በ24.04ቱ መመለስ አለበት። «ዲፒኬጂ -አይ» ቨርዥን ሲያወርድ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል እንጂ አይከለክልህም።

ከዚያ ላፕቶፑ ላይ በዶከር የኡቡንቱ 24.04 ኮንቴይነር (ላፕቶፑ ውስጥ ተነጥሎ የሚሠራ ትንሽ 24.04) አስነሳ። ኢሜጁ 30 ሜጋባይት አካባቢ ስለሆነ በሞባይል ዳታም ይወርዳል። ኮንቴይነሩ ባዶ ስለሆነ ዲፔንደንሲውን (ፓኬጁ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆች) ሁሉ ያወርድልሃል። አንድ ነገር፦ /ኢቲሲ/አፕት/አፕት.ኮንፍ.ዲ ውስጥ ዶከር-ክሊን የሚባል ፋይል አለ፣ የወረዱ ዴቦችን የሚጠርገው እሱ ነው። ቀድመህ አጥፋው።

ዴብ_ቆጣሪ፦

ጥቁር ተርሚናል ያለው ምርመራ ልክ ነው፣ መፍትሔው ግን ግማሽ መንገድ ያስቀርሃል። ኮንቴይነሩ «ባዶ» አይደለም፤ መሠረታዊ ፓኬጆች አሉበት፦ ፐርል-ቤዝ አለበት፣ ሊብሲ6 አለበት። ፖስትግሬስ-ኮመን ፐርልን ይፈልጋል፤ ፐርል ደግሞ ልክ የራሱን ቨርዥን የያዘ ፐርል-ቤዝ ነው የሚፈልገው፣ «ከዚህ በላይ» ብሎ አይቀበልም። ኮንቴይነሩ ላይ አዲሱ ፐርል-ቤዝ ስላለ አፕት አያወርደውም። ሰርቨሩ ላይ ያለው ከአይኤስኦው (ከመጫኛው ፋይል) የመጣው አሮጌው ነው። ፍላሹን ይዘህ ሄደህ እንደገና ያንኑ ኤረር ታያለህ።

መፍትሔው የሰርቨሩን ዝርዝር ለአፕት መስጠት ነው። ሰርቨሩ ላይ የተጫነው ሁሉ ከነቨርዥኑ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ስታተስ በሚባል አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው ያለው። እሱን በፍላሽ አምጣውና ላፕቶፑ ላይ ባዶ ፎልደር ውስጥ አስቀምጠው፤ ፎልደሩን ኮንቴይነሩ ሲነሳ በ-ቪ ከ/ኤምኤንቲ ጋር አገናኘው። ከዚያ ኮንቴይነሩ ውስጥ (ኮማንዶቹን በአነባበባቸው ነው የምጽፈው፣ ስትተይብ በላቲን ነው)፦

አፕት-ጌት አፕዴት

ኤምኬዲር -ፒ /ኤምኤንቲ/ዴብስ/ፓርሻል

አፕት-ጌት -ኦ ዲር::ስቴት::ስታተስ=/ኤምኤንቲ/ስታተስ -ኦ ዲር::ካሽ::አርካይቭስ=/ኤምኤንቲ/ዴብስ --ዳውንሎድ-ኦንሊ ኢንስቶል ፖስትግሬስኪውኤል ኤንጂንኤክስ

አሁን አፕት የሚያሰላው ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ እንዳለ ሆኖ ነው። ፐርል-ቤዝ ማደግ ካለበት እሱንም ያወርዳል፣ ሰርቨሩ ያለውን ደግሞ በከንቱ አያወርድም። ፓርሻል የሚለውን ፎልደር አትርሳ፣ እሱ ከሌለ አፕት ኤረር ሰጥቶ ሊቆም ይችላል።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ጽዳት፣ ከዚያ ስታተሱን መቅዳት። የተሰበረ ፓኬጅ ያለበትን ስታተስ ብትሰጠው አፕት «መጀመሪያ ይሄን አስተካክል» ብሎ ምንም አያወርድም።

ሰርቨሩ ላይ «ዲፒኬጂ -አይ» ተው። ዴቦቹ ያሉበት ፎልደር ገብተህ «ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል ./*.ዴብ» በል። ነጥቧና እዝባሯ የግድ ናት፤ ያለነሱ አፕት በፋይሉ ስም የሚጠራ ፓኬጅ ሪፖዚተሪ (የኡቡንቱ የፓኬጅ ማከማቻ) ውስጥ ይፈልጋል። እሺ ከማለትህ በፊት የሚያሳይህን ዝርዝር አንብብ፤ «የሚወገዱ» በሚለው ሥር አንድም ስም ካለ ኤን ብለህ ውጣ። መጨረሻ ላይ ስለ «_አፕት» ተጠቃሚና ስለ ፈቃድ የሚጽፋት መስመር ጉዳት የላትም።

ኬላ80፦

ላፕቶፑ ዊንዶውስ ለሆነና ሌላ ቦታ ለሚያወርድ ሰው፦ ያው ኮማንድ ላይ --ዳውንሎድ-ኦንሊን በ--ፕሪንት-ዩአርአይስ ብትተካው አያወርድም፣ የእያንዳንዱን ፋይል አድራሻ፣ ስም፣ መጠንና ቼክሰም (ፋይሉ ሳይበላሽ መድረሱን ማረጋገጫ ኮድ) ይጽፍልሃል። አድራሻዎቹን በማንኛውም ዳውንሎደር ማውረድ ይቻላል። ግን ቶሎ አውርዳቸው፤ አዲስ የደኅንነት ቨርዥን ሲወጣ አሮጌው ፋይል ከሪፖዚተሪው ሊነሳና አድራሻው 404 ሊሆን ይችላል።

ፍላሹን ከመንቀልህ በፊት «ሲንክ» በል። ኮፒው አለቀ ሲልህ ገና ሜሞሪ ላይ ነው፣ ፍላሹ ላይ ላይሆን ይችላል። ላፕቶፑ ላይ «ሻ256ሰም *.ዴብ» ያወጣውን ወደ ፋይል አስቀምጥና ሰርቨሩ ላይ በ-ሲ አረጋግጥ። ግማሹ የተቆረጠ ዴብ የሚሰጠው ኤረር አሳሳች ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ይሄ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ኢንተርኔት የለውም ማለት አፕዴት አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ የውስጥ ኔትወርኩ ላይ ያለ አንድ የተበከለ ላፕቶፕ ይበቃዋል። በየጊዜው አዲስ ስታተስ ውሰድና ኢንስቶል በሚለው ቦታ ዲስት-አፕግሬድ አድርገው፤ የቀረው ያው ነው። የሌላ ሰርቨር ስታተስ ግን አትጠቀም፣ እያንዳንዱ የራሱን ነው የሚፈልገው።

ጀማሪ_አድሚን፦

የዴብ ቆጣሪ መንገድ ሠራ፣ ሁሉም ገባ። ተባረኩ። አንድ ቀረች፦ መጨረሻ ላይ «በኢንቫይሮንመንቱ የተጠየቀው ሎኬል ልክ አይደለም» ዓይነት ነገር ብሎ ከሥሩ ኤልሲ_ታይም=ኤኤም_ኢቲ ጻፈ፤ «ፒጂ_ኤልኤስክላስተርስ» ስልም ባዶ ነው። ሰርቨሩን የምገባው ከላፕቶፑ በኤስኤስኤች ነው።

ዴብ_ቆጣሪ፦

የላፕቶፕህ የቀንና የቁጥር አጻጻፍ ኢትዮጵያ ተብሎ ተመርጧል። የኡቡንቱ ኤስኤስኤች ላንግና ኤልሲ_ የሚሉትን ሁሉ ይዞ ይገባል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን የአማርኛ ሎኬል (የቋንቋና የአገር አጻጻፍ ቅንብር) አልተሠራም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ተጭኗል፣ ዳታቤዙ የሚቀመጥበት ክላስተር ግን አልተፈጠረም። እንደገና መጫን አያስፈልግም፦

ሱዶ ኤልሲ_ኦል=ሲ.ዩቲኤፍ-8 ፒጂ_ክሪኤትክላስተር 16 ሜይን --ስታርት

ፒጂ_ኤልኤስክላስተርስ አሁን 16፣ ሜይን፣ ፖርት 5432፣ ኦንላይን ብሎ ማሳየት አለበት። ሲ ብቻ ብለህ ዩቲኤፍ-8ን እንዳትተው፤ ኢንኮዲንጉ (ፊደሎች የሚቀመጡበት ኮድ) ኤስኪውኤል_አስኪ ይሆናል። እሱ አማርኛውን ይቀበላል፣ ግን ፊደሉን እንደ ፊደል አያውቀውም፦ «ሰላም» ርዝመቱ 3 መሆኑ ቀርቶ 9 ይሆናል፣ የተቆረጠ ፊደልም ያለ ምንም ኤረር ይገባል።

ፒኤስኪውኤል (የፖስትግሬስ ኮማንድ መስመር) ገብተህ «ሾው ሰርቨር_ኢንኮዲንግ;» በል። ዩቲኤፍ8 ካላለ ዳታ ሳታስገባ አሁኑኑ በ«ፒጂ_ድሮፕክላስተር --ስቶፕ 16 ሜይን» አጥፍተህ ድገመው። ዳታ ከገባ በኋላ ይሄ ኮማንድ ሁሉንም ይዞ ነው የሚሄደው።