የባሕር ኬብል ድርጅት ሲሸጥ፦ 9.8 በመቶ ያለው የውጭ ባለድርሻ ለኤፍሲሲ (ለአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን) ይገለጻል?

ሰነድ ያዥ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ የሚያርፍ የባሕር ውስጥ ኬብል ፈቃድ ያለው ድርጅት ሊሸጥ ነው። ገዢው የኢንቨስትመንት ፈንድ ነው፤ የሆልዲንግ ኩባንያውን 70 በመቶ ይይዛል፣ ሆልዲንጉ ደግሞ ባለፈቃዱን ድርጅት ሙሉ በሙሉ። ፈንዱ ውስጥ ካሉት ሊሚትድ ፓርትነሮች (ኃላፊነታቸው ባዋጡት ገንዘብ የተወሰነ አጋሮች) አንዱ የውጭ አገር ድርጅት ሲሆን ድርሻው 14 በመቶ ነው። የቀሩት ሁሉ አሜሪካውያን ናቸው። 14 በመቶን በ70 በመቶ ሳባዛው 9.8 ይመጣል፤ ከ10 በታች ነው። ታዲያ ይህ ባለድርሻ ማመልከቻው ላይ መጠቀስ አያስፈልገውም፣ ፋይሉም ወደ ቲም ቴሌኮም (የውጭ ባለድርሻ ያለባቸውን ማመልከቻዎች ከአገር ደኅንነት አንጻር ወደሚመረምረው የመንግሥት ኮሚቴ) አይመራም ማለት ነው?

ሻጩ በ60 ቀን ውስጥ እንረካከብ እያለ ነው። ርክክቡ ቀድሞ ፈቃዱ በኋላ ቢመጣ ምን ይከተላል?

ቆጣሪ

ማባዛቱ ልክ ነው፤ የተቆጠረው ግን የአክሲዮን ድርሻው ብቻ ነው። ኤፍሲሲ ሁለት ቁጥር ይጠይቃል፦ የአክሲዮን ድርሻና የድምፅ ድርሻ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ 10 ከሞላ ባለድርሻው ይገለጻል።

የአክሲዮኑ ድርሻ በሰንሰለቱ ላይ እስከ መጨረሻው እየተባዛ ይወርዳል፤ ስለዚህ 9.8 ነው። የድምፁ አቆጣጠር ግን ይለያል። በሰንሰለቱ ላይ ያለ አንድ ቀለበት 50 በመቶ ከደረሰ ወይም በተግባር የሚቆጣጠር ከሆነ እንደ መቶ ይቆጠራል። ፈንዱ በሆልዲንጉ ላይ ያለው 70፣ መቶ ሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ የእርስዎ 14 በመቶ ምንም ሳይቀነስለት 14 ሆኖ ይወርዳል። ከ10 በላይ ነው፣ ይገለጻል።

ይህም በተሻለው ሁኔታ ነው። የሽርክና ውሉ ሊሚትድ ፓርትነሩን ከዕለት ተዕለት አስተዳደር በግልጽ ካላገለለው፣ ፈንዱ ያለው የድምፅ መብት በሙሉ የእሱም ተደርጎ ይወሰዳል። 14 በመቶ የያዘ ሰው በድምፅ በኩል መቶ በመቶ ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ማመልከቻ የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው፤ ሰንጠረዡን የሚሠራው የፋይናንስ ክፍሉ ስለሆነ የሚያየው ያዋጣውን ገንዘብ ነው፣ የሽርክና ውሉን ገልጦ አያነብም።

ፈንዱን የሚያስተዳድረውን አጋር፣ ጄኔራል ፓርትነሩንም አይርሱት። ያዋጣው አንድ በመቶ ቢሆን እንኳ በድምፅ የፈንዱን መብት በሙሉ እንደያዘ ይቆጠራል። ከጀርባው ያሉት ሰዎች ዜግነት እስከ መጨረሻው ይጣራ።

ማረፊያ ጣቢያ

ቆጣሪ ያሉት ትክክል ነው። እኔ በጊዜው ላይ ልጨምር፤ 60 ቀን አይታሰብም።

ቁጥጥሩ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ የሚያልፍ ከሆነ ፈቃዱ ከርክክቡ በፊት መገኘት አለበት። መነሻው የ1921ዱ የኬብል ማረፊያ ፈቃድ ሕግ ነው፤ ሥልጣኑ የፕሬዚዳንቱ ሲሆን በ1954 በወጣ ትእዛዝ ለኤፍሲሲ ተላልፏል፣ የስቴት ዲፓርትመንት ይሁንታም ይጠየቅበታል። የመጨረሻው ተቆጣጣሪ ሳይቀየር በአንድ ቤተሰብ ኩባንያዎች መካከል የሚደረግ ሽግሽግ ብቻ ነው ቀድሞ ተፈጽሞ በ30 ቀን ውስጥ በማሳወቅ የሚያልፈው። የእርስዎ ግን ሽያጭ ነው።

በቅድሚያ በሰንሰለቱ ላይ ላሉት አመልካቾች የምዝገባ ቁጥር ያውጡ። ማመልከቻው በኤፍሲሲ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ይገባል። ከሽያጩ በፊትና በኋላ ያለውን ባለቤትነት የሚያሳዩ ሁለት ሥዕላዊ ሰንጠረዦች ይያያዙ፣ በየሣጥኑ አክሲዮንና ድምፅ ለየብቻ ይጻፍ። 10 በመቶና ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ስሙ፣ አድራሻው፣ ዜግነቱና ዋና ሥራው ይገለጻል። ገዢው ኬብሉ በሚያርፍባቸው አገሮች ካለ የቴሌኮም ድርጅት ጋር ዝምድና ካለውም እንዲሁ።

የውጭ ባለድርሻ ስላለ ፋይሉ ወደ ቲም ቴሌኮም ይመራል። በኤፕሪል 2020 በወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ 13913 መሠረት ኮሚቴውን የሚመራው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ነው፣ የመከላከያና የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች አባል ናቸው። ለኮሚቴው መደበኛ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ በቀጥታ ለኮሚቴው ይላካል እንጂ ሕዝብ በሚያየው ፋይል ውስጥ አይገባም።

የመጀመሪያው ምርመራ 120 ቀን ነው፣ ካስፈለገ 90 ቀን ይጨመርበታል። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ግን ማመልከቻው በገባ ዕለት አይደለም፤ ሰብሳቢው «መልሱ የተሟላ ነው» ባለ ዕለት ነው። አንድ የትውልድ ቀን ወይም አንድ የባለድርሻ ስም ቢጎድል ሰዓቱ አይነሳም። መሐል ላይ ተጠይቆ መልስ የዘገየበትም ቀን አይቆጠርም። የሽያጭ ውላችሁ ላይ የመጨረሻውን ቀን ከ12 ወር ባታሳንሱት እመክራለሁ።

ከአሜሪካ ውስጥ የሕግ ጥያቄ የሚቀበል ሰው መሰየምም ግዴታ ነው። አገር ውስጥ የሚኖር፣ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን አለበት፤ ውጭ አገር ያለ ጠበቃ አይሆንም።

ሰነድ ያዥ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሊሚትድ ፓርትነሩን ከአስተዳደር የሚያገልል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ብናስገባ ከመገለጽ ይድናል?

ቆጣሪ

አይድንም። ከመቶ ወደ 14 ያወርደዋል፤ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፣ ምክንያቱም «ተቆጣጣሪ» ከመባል ይወጣል። ከመገለጽ ለመዳን ግን በፈንዱ ውስጥ ያለው ድርሻ ራሱ ከ10 በታች መውረድ አለበት። አንቀጹም ለይስሙላ መሆን የለበትም፤ ሰውየው በሥራ አመራሩ ውስጥ እንዳይገባ ይከልክል፣ በተግባርም አይግባ። የተለመዱት የባለሀብት መጠበቂያዎች፣ ለምሳሌ ድርጅቱ ሙሉ ንብረቱን እንዳይሸጥ የመቃወም ወይም ድርሻው እንዳይሳሳ ተጨማሪ የመግዛት መብት፣ ቢኖሩት ችግር የለም። ዋና ሥራ አስኪያጅ የመሾም ድምፅ ካለው ግን አንቀጹ አይረዳውም።

ድርሻውን ቀንሶ ከመደበቅ ይልቅ ገልጦ መቅረብ ይሻላል ባይ ነኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ኮሚቴው ራሱ ፈልጎ ካገኘው ጥያቄው ስለ ድርሻው መሆኑ ቀርቶ ስለ ታማኝነታችሁ ይሆናል።

ሞገድ

ከፈቃዱ በፊት ስለመረካከብ ማንም አልመለሰም። ኤፍሲሲ ሳይፈቅድ ከተረካከባችሁ ሽያጩ ወዲያው አይፈርስም፣ ነገር ግን ጊዜያዊ ፈቃድ መጠየቅ፣ ዘግይቶ የገባውን ማመልከቻ ማስረዳትና ከቁጥጥር ክፍሉ ጋር በቅጣት መስማማት ይመጣል። ኬብሉ እንግሊዝ አገርም የሚያርፍ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ ከጃንዋሪ 4 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የብሔራዊ ደኅንነትና ኢንቨስትመንት ሕግ፣ ግዴታ በሆነባቸው ዘርፎች ሳይፈቀድ የተዘጋ ሽያጭ በሕግ ፊት እንዳልተደረገ ይቆጠራል። በየማረፊያው አገር ያለውን ሕግ ለየብቻ አጣሩ።

ሌላው የሚረሳው የቀድሞው የደኅንነት ስምምነት ነው። ሻጩ ከኮሚቴው ጋር የፈረመው ደብዳቤ ካለ የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ ሆኖ ይቆያል፤ ባለቤትነት ሲቀየር አስቀድሞ ማሳወቅን የሚጠይቅ አንቀጽ ይኖረዋል። ከሽያጭ ውሉ በፊት እሱን አስነብቡ። ሲፊየስ የሚባለው፣ በገንዘብ ሚኒስቴሩ የሚመራውና የውጭ ኢንቨስትመንትን የሚመረምረው ኮሚቴም ራሱን የቻለ መንገድ ነው፤ የአንዱ ይሁንታ የሌላውን አይተካም።

የገዢው ማንነት ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ሁለት ፋይል ይበቃል። በ2003 የኬብል ድርጅቱ ግሎባል ክሮሲንግ ሲሸጥ ከሁለቱ ገዢዎች የሆንግ ኮንጉ ሀቺሰን ዋምፖአ ወጣ፣ የሲንጋፖሩ ኤስቲ ቴሌሚዲያ 61.5 በመቶውን የያዘው የደኅንነት ስምምነት ፈርሞ ነው። ፓሲፊክ ላይት የተባለው ኬብል ደግሞ ማመልከቻው ገና በምርመራ ላይ እያለ ከባለቤቶቹ አንዱ ለቻይናው ዶክተር ፔንግ ግሩፕ ተሸጠ፤ በጁን 2020 ቲም ቴሌኮም የሆንግ ኮንጉ ክፍል እንዳይፈቀድ ሐሳብ አቀረበ። ጉግልና ፌስቡክ ማመልከቻውን አንስተው ወደ ታይዋንና ፊሊፒንስ ለሚሄዱት ክፍሎች ብቻ እንደ አዲስ አስገቡ። ስለዚህ ማመልከቻው ከገባ በኋላም የባለድርሻ ለውጥ ካለ ወዲያው አስታውቁ።

የኬብል ደንቦቹ በኦገስት 2025 በሰፊው ተሻሽለዋል፤ በተለይ በባላንጣ አገር ቁጥጥር ሥር ያሉ አመልካቾች ላይ ጠብቀዋል። አሮጌ ማመልከቻ ገልብጣችሁ አትሙሉ፤ በምታስገቡበት ቀን በሥራ ላይ ያለውን ጽሑፍ አውጥታችሁ አንቀጽ በአንቀጽ አመሳክሩ። ርክክቡ ከተፈጸመ በኋላም በ30 ቀን ውስጥ ለኤፍሲሲ የሚላከው ማሳወቂያ እንዳይረሳ፣ የፈቃዱ 25 ዓመትም ባለቤት ስለተቀየረ እንደ አዲስ አይጀምርም።