ዳገት ላይ ሞተር እየጠፋብኝ በመንጃ ፈቃድ ፈተና ወደቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ለማጇ

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 43 ነው፤ መሪ የጨበጥኩት ዘንድሮ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ አለፍኩ፤ የተግባሩን ግን ባለፈው ሳምንት ወደቅሁ። የሆነውን በዝርዝር እነግራችኋለሁ።

ዳገት ላይ የትራፊክ መብራት ያዘኝ። አረንጓዴ ሲበራ ፍሪሲዮኑን (በግራ እግር የሚረገጠውን ፔዳል) ለቀቅሁ፤ መኪናው ተንዘፈዘፈና ሞተሩ ጠፋ። አስነሳሁት፤ እንደገና ጠፋ። በሁለተኛው መኪናው አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ከኋላዬ ያለው ሹፌር ክላክሱን ለቀቀብኝ። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። በሦስተኛው ስነሳ በድንጋጤ ነዳጁን ረገጥኩት፣ ፍሬቻ ሳላሳይ ታጠፍኩ፤ ፈታኙ በእሱ በኩል ያለውን ፍሬን ረገጠ። ዜብራው ላይ አንድ ሰው እየተሻገረ ነበር፤ እኔ አላየሁትም።

መውደቄን ችዬዋለሁ። ያንን ሰው አለማየቴ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ዳገት ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ እንዴት ልነሳ? ወደ ኋላ ገብቶ ማቆም ላይም መሪውን በየት በኩል እንደማዞር ሁልጊዜ ይምታታብኛል። ደግሞ ማርሽ በእጅ የማይቀየርበትን አውቶማቲክ መኪና ብማር ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፦ አሰልጣኝ፣ 14 ዓመት የሠራሁ

እህቴ፣ ዳገቱን ለጊዜው ተይው። ያንቺ ችግር ሜዳ ላይ የሚፈታ ነው።

ሰው የሌለበት ደልዳላ ቦታ ሂጂ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጠሽ አንደኛ ማርሽ አስገቢ። ቀኝ እግርሽ ነዳጁን አይንካ። አሁን የግራ እግርሽን ተረከዝ ወለሉ ላይ አሳርፈሽ ፍሪሲዮኑን በጣት ውፍረት፣ በጣት ውፍረት ልቀቂ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሺ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ መሪው በእጅሽ ውስጥ ትንሽ ይርገበገባል፣ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል። እዚያ ላይ እግርሽን አቁሚ! «ነጥቡ» የምንለው ይህ ነው። መኪናው ያለ ነዳጅ በራሱ መዳህ ይጀምራል። እስከ ሦስት ቁጠሪ፤ ከዚያ ቀሪውን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ለማጆች ሞተር የሚጠፋባቸው በአብዛኛው በዚህች ቅጽበት ነው፤ መኪናው ሲነቃነቅ ሲያዩ «ተነሳ» ብለው እግራቸውን በአንድ ጊዜ ያነሳሉ። ይህን ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ ደጋግመሽ ሥሪው። ነጥቡ የት እንዳለ እግርሽ ራሱ እስኪያውቀው ድረስ ወደ ዳገት አትውጪ።

ዳገት ላይ የሚጨመሩት የእጅ ፍሬንና ትንሽ ነዳጅ ናቸው። የእጅ ፍሬኑ እንደተያዘ አንደኛ ማርሽ አስገቢ፤ ነዳጁን ሞተሩ ረጋ ባለ ድምፅ እስኪያጉረመርም ድረስ ስጪ፤ ፍሪሲዮኑን እስከ ነጥቡ አምጪ። መኪናው መሄድ ፈልጎ የእጅ ፍሬኑ እንደያዘው ይሰማሻል፤ ከኋላ ዝቅ፣ ከፊት ከፍ ይላል። ያኔ ዙሪያሽን አይተሽ የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ። ስትለቂው ወደ ኋላ ከሄደ ነጥቡ ላይ ሳትደርሺ ለቀሽዋል ማለት ነው፤ የእግር ፍሬን ያዢና ከመጀመሪያው ጀምሪ።

ሞተሩ ቢጠፋስ? ፍሪሲዮንና ፍሬን አንድ ላይ እርገጪ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቢ፣ ማርሹን ነጻ አድርጊ፣ አስነሺ፣ መስታወቶቹን እዪ፣ ከዚያ ተነሺ። በብዙ አገሮች የሞተር መጥፋት ብቻውን ተፈታኝን አይጥልም። አንቺን የጣለሽ ከዚያ በኋላ የመጣው ጥድፊያ ነው።

መልስ፦ መካኒክ

አሰልጣኙ በተናገረው ላይ ከውስጥ ያለውን ልጨምር፤ ምን እንደሚሆን ያወቀ ሰው እግሩ ይታዘዘዋል።

ሁለት ክብ ሳህኖች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል እንበል። አንዱ ከሞተሩ ጋር ይሽከረከራል፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በደቂቃ 800 ዙር አካባቢ ማለት ነው። ሌላው በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) በኩል ከጎማው ጋር ተያይዟል፤ መኪናው ስለቆመ እሱም ቆሟል። ፍሪሲዮን ስትረግጪ ይለያያሉ፣ ስትለቂ ስፕሪንግ ያጣብቃቸዋል። በአንድ ጊዜ ከለቀቅሽ የሚሽከረከረው ሳህን ከቆመው ጋር ተጋጭቶ ሞተሩ ይታነቃል። ቀስ ካልሽ ግን እየተፋተጉ፣ የቆመው እየፈጠነ፣ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ያ «ነጥብ» የሚባለው መፋተግ የሚጀምርበት ቦታ ነው።

ፍትጊያው ሙቀት አለው። ስለዚህ መብራት ይዞሽ ዳገት ላይ ስትቆሚ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥለሽ አትያዢ፤ ፍሬን ያዢ። ስትለማመጂ የተቃጠለ ነገር ከሸተተሽ ቆም ብለሽ አሳርፊው።

ዳገት ደግሞ አንቺን ብቻ አይደለም ያስቸገረው። እ.ኤ.አ. በ1888 ጀርመናዊቷ በርታ ቤንዝ ባሏ የሠራውን መኪና ይዛ፣ ሁለት ልጆቿን አሳፍራ፣ ከማንሃይም እስከ ፎርስሃይም 106 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዳ ሞተሩ ዳገቱን አልችል ብሎ ልጆቿ ወርደው ገፍተዋል። የእንጨቱ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ሲያልቅባት ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ቆዳ አስለበጠችው። ለዳገት የሚሆን ተጨማሪ ማርሽ ይግባ ያለችውም እሷ ናት። ያንቺ መኪና አንደኛ ማርሽ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጉልበት አለው፣ እመኚው።

መልስ፦ አውቶማቲክ ነጂ

እኔ አውቶማቲክ ተማሪ እላለሁ። ማርሽና ፍሪሲዮን ላይ የሚያልቀው ሐሳብሽ መንገዱ ላይ ይውላል። እግረኛውን ያላየሽው እኮ ዓይንሽ ታሞ አይደለም፤ ልብሽ እግርሽ ላይ ስለነበረ ነው። እኔ ፍሪሲዮኑን ከተውኩ ጀምሮ ነው የመንገድ ምልክቶችን በትክክል ማየት የጀመርኩት።

መልስ፦ አሰልጣኝ፣ 14 ዓመት የሠራሁ

ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን አጣሪ። በብዙ አገሮች በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ አውቶማቲክ ብቻ ያስነዳዋል። ነገ የቤተሰብ ወይም የመሥሪያ ቤት መኪና ባለ ማርሽ ከሆነ እንደገና መፈተን ሊኖርብሽ ይችላል። ፈቃድ ሰጪውን ክፍል ጠይቀሽ ወስኚ። የምትነጂው አውቶማቲክ ብቻ ከሆነ አታመንቺ፤ ማንም በዚህ አያንስም።

መልስ፦ የከባድ መኪና ሹፌር

እህቴ፣ ስለ ክላክሱ ላናግርሽ። ከኋላሽ ያለው ሰው የቸኮለው ለራሱ ነው። ሞተር ጠፍቶብሽ አንድ መብራት ቢያልፍሽ የሚጎዳ ሰው የለም። በክላክስ ደንግጠሽ ነዳጅ ከረገጥሽ ግን የሚጎዳው ፊት ለፊትሽ ያለው ነው፤ እሱ ደግሞ ብረት አልለበሰም።

ይህን በቁጥር ያዢው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነጂ በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ትሄጃለሽ። አደጋውን አይተሽ እግርሽ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅብሽ፣ 17 ሜትሩ ፍሬን ሳይነካ አለቀ ማለት ነው። በ30 ብትነጂ 8 ሜትር ከምናምን ነው። ፍሬን ከያዘ በኋላ ያለው ደግሞ ይብሳል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ዝናብ ሲጨመርበት ሌላ ነው። ከፊትሽ ያለው መኪና አንድን ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ጀምሪ፤ ሁለት ሴኮንድ ሳይሞላ አንቺም ምሰሶው ጋ ከደረስሽ ተጠግተሻል። መንገዱ እርጥብ ከሆነ አራት አድርጊው።

ዜብራ ስታዪ ሰው ባይኖርም ቀኝ እግርሽን ከነዳጁ አንስተሽ ፍሬኑ ላይ አሳርፊው። እኔ ሠላሳ ዓመት ስነዳ ይህን አልተውኩም።

መልስ፦ በሦስተኛው ያለፍኩ

እኔ 22 ዓመቴ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወድቄ ነው ያለፍኩት። እርስዎ የነገሩንን መደናገጥ በደንብ አውቀዋለሁ። የረዳኝ አንድ ነገር አለ፦ እየነዱ የሚያዩትን ጮክ ብለው ይናገሩ። «መብራቱ ቀይ ነው፣ በቀኝ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፣ የቆመው መኪና በሩ ሊከፈት ይችላል፣ መስታወት፣ ፍሬቻ፣ ትከሻዬን አሻግሬ አየሁ፣ ታጠፍኩ።» መጀመሪያ አፍ ይተሳሰራል። ከሳምንት በኋላ ግን ዓይንዎ ራሱ የሚናገረውን መፈለግ ይጀምራል። ፈተናው ላይ በሆድዎ ይበሉት። መስታወት ሲያዩም ፈታኙ እንዲያውቅ ጭንቅላትዎን ትንሽ ያንቀሳቅሱ፤ እኔ በሁለተኛው ፈተና በዓይኔ ብቻ እያየሁ «አላየህም» ተብዬ ነጥብ ቀርቶብኛል።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

ወደ ኋላ ማቆሙን ማንም ሳይነካው ቀረ። እኔም መሪው ሲምታታብኝ የኖርኩ ነኝ። የፈታልኝ ይህ ነው፦ ወደ ኋላ ስትሄጂ የመኪናው ኋላ እንዲሄድ ወደምትፈልጊበት በኩል መሪውን አዙሪ። ኋላው ወደ ግራ እንዲገባ ከፈለግሽ ወደ ግራ፤ ሌላ ስሌት አያስፈልግም። የሚዞሩት የፊት ጎማዎች ስለሆኑ አፍንጫው በተቃራኒው በኩል ተጠማዞ እንደሚወጣ ግን አትርሺ። እኔ የጎረቤቴን መኪና ፓራውልት የጫርኩት ኋላዬን ብቻ ሳይ ነው።

ፍጥነትሽ ከሰው እርምጃ አይብለጥ፤ አሰልጣኙ ያለሽ ያ መዳህ እዚህም ይሠራል። ከመጀመርሽ በፊት የጎን መስታወቶቹን የኋላ ጎማውና መስመሩ አብረው እስኪታዩ ድረስ ዝቅ አድርጊ። ጠማማ ከገባ ደግሞ እዚያው አትታገይ፤ ወደ ፊት ወጥተሽ አስተካክለሽ ግቢ።

ለማጇ፦ ከ9 ቀን በኋላ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ነዳጅ ስድህ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሞተሩ ድምፅ ሲወፍር በጆሮዬ ሰማሁት፤ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ትናንት ያንኑ የወደቅሁበትን ዳገት ስምንት ጊዜ ወጣሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጠፋብኝ፤ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ መስታወት አይቼ፣ ተነሳሁ። ከኋላዬ ክላክስ ነበር፤ ቆየሁበት። ዜብራው ላይ ደግሞ አንዲት ሴት ልጅ ይዛ ስትሻገር ሩቅ ሆኜ አየኋት።

በባለ ማርሹ ልቀጥል ወስኛለሁ። ፈተናዬ የፊታችን ሐሙስ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ነጥቡ አንዳንድ ቀን ከፍ፣ አንዳንድ ቀን ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ። መኪናው ያው ነው። ለምን ይሆን?

መልስ፦ አሰልጣኝ፣ 14 ዓመት የሠራሁ

ጫማሽን እዪ። ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ ያደረግሽ ቀን ነጥቡ የተለወጠ ይመስልሻል። ወንበሩም እንዲሁ ነው፤ ከአንቺ በፊት ሌላ ለማጅ ተቀምጦበት ወደ ኋላ ተገፍቶ ከሆነ እግርሽ ተዘርግቶ ነው የሚረግጠው። ሐሙስ ዕለት ሶሉ ቀጭን የሆነ፣ ከእግርሽ የማይወልቅ ጫማ አድርጊ። ወንበሩን ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ስትረግጪ ጉልበትሽ ትንሽ እንደታጠፈ እንዲቀር አድርገሽ አስተካክዪ፣ ከዚያ መስታወቶቹን፣ ከዚያ ቀበቶሽን። ይህን እስክትጨርሺ አትቸኩዪ፤ ፈታኙ ይጠብቅሻል።